ጃፓንኛን ያስጀመረኝ ትኩሳት

ተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ጋሼ፣ ቡታጅራ ተወልደው፣ ድሬሰር ሆነው ሠርተው፣ እንዴት ጃፓንኛ ውስጥ ገቡ?» ይሉኛል። «ጓደኛ ነበረኝ» እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን የሰነፍ መልስ ነው። እውነቱን እንዳልዘረዝር የክፍሉ ሰዓት አይበቃም፤ ጉልበቱም አልነበረኝም። ዘንድሮ ግን ዩኒቨርሲቲው «ይረፉ» ብሎ ስላሰናበተኝ ጊዜ አለኝ። ለእነሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ፣ ቡታጅራ በነበረች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ነበር። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ አለቃዬ አቶ ተክሌ ያዘዙትን እወጋለሁ። አቶ ተክሌ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። ቡታጅራ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል፤ የዝውውር ማመልከቻ ጽፈው፣ መልሱን ጠብቀው፣ ሲቀርባቸው ደግሞ እንደገና ጽፈው። በገበያ ቀን የበሽተኛው ወረፋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። ያንን ሁሉ ሰው እሳቸውና እኔ ነን የምናስተናግደው። ክፉ ሰው አልነበሩም። የደከማቸው ሰው ነበሩ።

ያን ዓመት ለፈንጣጣ ክትባት አንድ ጃፓናዊ ወደ እኛ ተላከ። ኬንጂ ይባላል። ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ፣ ዕድሜውም ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። እኔ መስቃንኛም ስልጥኛም ስለምችል አቶ ተክሌ እያጉረመረሙም ቢሆን አስተርጓሚና ረዳት ከታቢ እንድሆነው ለቀቁኝ። ስምንት ወር አብረን ዞርን። የዘመቻው መኪና አብዛኛውን ጊዜ በወልቂጤ በኩል ካለው ቡድን ጋር ስለሆነ የእኛ መኪና እግራችን ነበር።

ከቋንቋው የለቀምኳት ጥቂት ናት። «ሚዙ» ውኃ ነው። «ኢታይ» አመመኝ ነው። ከሁሉ በላይ የሰማሁት ግን «ዳሜ» የሚለውን ነው፤ ክልክል ነው፣ አይሆንም ማለት ነው። የመርፌዋን ጫፍ በጣቴ ስነካ «ዳሜ!» ይለኛል። ልጆች ብልቃጡን ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ «ዳሜ፣ ዳሜ!» ይላቸዋል። አንድ ቀን አንድ መንደር ስንደርስ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው እንሰቱ ውስጥ ገብተው ጠፉብን። ለካስ ወሬ ቀድሞን ደርሷል፤ «ደሜ ደሜ ይላል፤ ደም ሊወስድ ነው የመጣ» ተባብለዋል። አንድ በአንድ አግባብቼ እስካወጣቸው ቀኑ መሸ። ኬንጂ ምክንያቱን ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ነሐሴ ላይ ዘቢዳር ተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር ሳለን ታመመ። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ነበር። ያረፍነው አባ ሽኩር የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው። ባለቤታቸው የቡላ አጥሚት ሠርተው ሰጡት፤ ሁለት ጊዜ ፉት ብሎ መለሰው። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ከመደቡ መነሳት አቃተው። ቀኝ ጎኑን በእጁ ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ ሲነኩት ያቃጥላል። እስከ ምሳ ድረስ አማርኛውን ጨርሶ ተወው፤ እንግሊዝኛም ስሞክርለት አይመልስም። የሚያወራው በገዛ ቋንቋው ብቻ ሆነ፤ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የቆመ ሰው የሚያይ ይመስላል።

አባ ሽኩር ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው የሰው አገር ሰው ነው» አሉኝ። «እዚህ ቢሞት ለእናቱ ምን ብለን እንልካለን?»

«ዝናቡስ፣ አባ? ወንዙስ?»

«ዝናቡ የአላህ ነው። ቃሬዛው የእኛ ነው» አሉና ወደ ጀፎሮው ወጡ። ጀፎሮ ቤቶቹ ግራና ቀኝ የተሰለፉበት፣ በመካከል ሣር የለበሰው የመንደሩ ሰፊ መንገድ ነው። እዚያ ቆመው አንድ ጊዜ ተጣሩ። ቃሬዛው ተሠርቶ ሳያልቅ ጎረምሶቹ ተሰብስበው ነበር።

ረቡዕ ገና ሲነጋጋ ተነሳን። ጭቃው እስከ ቅልጥማችን ይውጠናል። ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ፣ «ቀስ»፣ «ያዝ»፣ «ድንጋይ አለ» እየተባባሉ ይወርዳሉ። እኔ ፊቱ ላይ ዝናብ እንዳይወርድበት የእንሰት ቅጠል ይዤ ከጎኑ እሄዳለሁ። ከመካከል ያለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ጎርፉ እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የሚሰማው የወንዙ ድምፅና የኬንጂ ትንፋሽ ነበር፤ አጭር፣ ፈጣን፣ መጨረሻው ላይ የሚያቃስት።

ጤና ጣቢያው የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። አቶ ተክሌ ወረፋውን ትተው መጡ። ርጥብ ልብሱን ስናወልቅ ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ካርድ ወጣች። ላይዋ ላይ በቀይ ቀለም የእነሱ ፊደል ተጽፎባታል። ገለባበጥኳት፤ ምንም አልገባኝም። አቶ ተክሌም ተቀብለው አዩዋትና «የጸሎት ነገር ትሆናለች» አሉ።

አብረውን የወረዱት አባ ሽኩር «ክታብ ናት» አሉ። «የሰው ክታብ ከሰውነቱ አይርቅም፤ መልሱለት።»

ትራሱ ሥር አስገባኋት።

አቶ ተክሌ ማዳመጫውን በጀርባው አዟዟሩ። ብዙ አልቆዩም። «ቀኝ ሳንባው ተይዟል። ኃይለኛ የሳንባ ምች ነው። ስልክ አለ እንዳልል መስመሩ ከትናንት ጀምሮ ተበጥሷል፤ መኪናም የለም። ያለን ፔኒሲሊን ነው። ቀቅል።»

የፕሪሙስ ምድጃዋን ለኩሼ መርፌውን ቀቀልኩ። አቶ ተክሌ ነጩን መድኃኒት በጥብጠው ወደ መርፌው ሳቡ። ዛሬ እንደሚደረገው አስቀድሞ ቆዳ ላይ ትንሽ መሞከር በእኛ ጤና ጣቢያ ያኔ አልተለመደም። እኔ ኬንጂን በጎኑ አስተኛሁት።

«አይዞህ ኬንጂ» አሉት፤ ደንቆሮ እንደሚያናግሩ ጮክ ብለው። «ፔኒሲሊን ነው። ይሻልሃል።»

ኬንጂ ዓይኑን ገለጠ። «ፔኒሺሪን» አለ።

«ይኸው፣ ራሱም ያውቀዋል።»

«ፔኒሺሪን… ዳሜ… ዳሜ…»

አባ ሽኩር ከበሩ ላይ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«ደሜ ነው የሚለው» አሉ አቶ ተክሌ፤ ጥጡን አልኮል ውስጥ እየነከሩ። «በሽታው ደሜ ውስጥ ገባ ማለቱ ነው። ያዘው፣ ኑረዲን።»

በዚያች ቅጽበት የሆነውን ቀስ ብዬ ልናገር፤ ሲሆን ግን ቀስ ብሎ አልሆነም። ኬንጂ አማርኛ ጠፍቶበታል። ስለዚህ የተናገረው አማርኛ አይደለም። ይህን አሰብኩ፤ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም። መዳፌን ዘርግቼ መርፌው ሊወርድበት ካለው ቦታ ላይ አሳረፍኩ።

«እጅህን አንሳ» አሉ።

«አቶ ተክሌ፣ ደሜ አይደለም ያለው። ዳሜ ነው። ክልክል ነው ማለት ነው። ፔኒሲሊን አትስጡኝ እያለ ነው።»

«በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ነው ሐኪም የሚሆንልኝ? እጅህን አንሳ አልኩህ!»

«አላነሳም። የሚወጉ ከሆነ በእጄ ላይ ይውጉ።»

ለአለቃዬ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። አቶ ተክሌ መርፌውን ከእጄ ላይ ገለል አደረጉ። ከዚያ የተቆጣ ሳይሆን የሰለቸው ሰው በሚናገርበት ድምፅ ተናገሩ።

«ስማኝ፣ ልጅ። ይህ ሰው የውጭ ዜጋ ነው። ቢሞት አውራጃው ይጠይቃል፤ አዲስ አበባ ይጠይቃል፤ አገሩ ይጠይቃል። መድኃኒቱ እያለህ ለምን አልሰጠህም ሲሉኝ ረዳቴ አንድ ቃል ሰምቶ ነው ልበል?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት ይበሉ።»

«ትፈርምልኛለህ?»

«እፈርማለሁ።»

መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡና ወረቀት አመጡ። በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ፔኒሲሊን የታዘዘ መሆኑን፣ ድሬሰር ኑረዲን ግን በራሱ ኃላፊነት እንዳይሰጥ ማድረጉን። ፈረምኩ። አባ ሽኩር በምስክርነት አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ከዚያ አቶ ተክሌ ከመደርደሪያው የቴትራሳይክሊን ብልቃጥ አውርደው ሰጡኝ።

«ያለን ሌላ መድኃኒት ይህ ነው። ከፔኒሲሊን ይደክማል። በየስድስት ሰዓቱ፤ ከወተት ጋር እንዳትሰጠው» አሉና ወደ ወረፋቸው ተመለሱ።

ፍሬውን ፈትቼ፣ በውኃ በጥብጬ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አጠጣሁት። ግማሹ በአገጩ ይፈሳል። መጽሐፍ ላይ እንደሚነበበው ጀግና ሆኜ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ። አጠገቡ እንደተቀመጥኩ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አቀበት ስንወጣ ኬንጂ ሲደክመው ሣር ላይ ወድቆ «ሞ ዳሜ!» ይል ነበር። ትርጉሙን ስጠይቀው «አበቃልኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎኛል። ያቺው ቃል ናት። እንግዲህ ፔኒሲሊን ክልክል ነው ብሎ ይሆን? ወይስ ፔኒሲሊን ስጡኝ፣ አበቃልኝ ብሎ? ሁለቱም ይሆናል። የፈረምኩት ግን በአንዱ ላይ ነው።

ተነስቼ አቶ ተክሌን «ተሳስቼ ይሆናል» ልላቸው በሩ ድረስ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ።

ሐሙስ ባሰበት። ከንፈሩ ገረጣ፤ ሳል ሲመጣበት የዛገ ብረት የመሰለ አክታ ይወጣዋል። አቶ ተክሌ በየጊዜው ብቅ ይሉና ሙቀቱን ለክተው፣ ቁጥሩን ጽፈው ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

«አሁንም አልረፈደም፤ መርፌው ተቀቅሏል።»

«አቶ ተክሌ…»

«አንተን ለመቅጣት አይደለም። ልጁ እየሞተ ነው።»

ኬንጂን አየሁት። መነጽሩ ሲወልቅ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነው የሚመስለው። «አይሆንም» አልኩ። እሳቸውም ግንባራቸውን በመቃኑ አስደግፈው ትንሽ ቆሙና ሄዱ። አባ ሽኩር ወደ መንደራቸው አልተመለሱም፤ ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ይሰግዳሉ፣ ይቀመጣሉ። ወሰድ ሲያደርገኝ ትከሻዬን ነካ እያደረጉ ማንኪያውን ያስይዙኛል።

ዓርብ ጠዋት ላብ ጀመረው። ሦስት ጊዜ አንሶላ ቀየርንለት። የጁምዓ አዛን ሲሰማ አባ ሽኩር «ሂድና ስገድ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። «እግሬ አይሸከመኝም» አልኳቸው። ያኔ ነው ከአልጋው ላይ ድምፅ የሰማሁት።

«ሚዙ።»

ውኃ ሰጠሁት። ሁለት እጁን አንስቶ ብርጭቆውን ራሱ ያዘ። ጠጥቶ ሲጨርስ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ፤ ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ ስሜ ላይ የአገሩን የአክብሮት «ሳን» ጨምሮ፣ «ኑሬዲን-ሳን፣ አንተ ነህ በሽተኛ የምትመስል» አለኝ።

ሳቅሁ መሰለኝ። አባ ሽኩር «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ አቶ ተክሌ ከወዲያኛው ክፍል ሰምተው መጡ። ነጭ ጋውናቸውን በአንድ እጅጌ ብቻ ነበር የለበሱት። አልጋው አጠገብ ቆመው ያለ ሰላምታ ጠየቁት።

«ኬንጂ፣ ፔኒሲሊን ብንሰጥህ ምን ትሆን ነበር?»

ኬንጂ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰጣችሁኝ?»

«አልሰጠንህም።»

እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። ተማሪ ሳለ አንድ ጊዜ ተወግቶ ጉሮሮው ተዘግቶ ሊሞት እንደነበር፣ ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳትነካው እንዳሉት፣ ቃል እየጠፋው፣ በእጁ እያሳየ ነገረን። ከዚያም ደረቱ ላይ የሸሚዙን ኪስ ፈለገ። ገባኝ። ከትራሱ ሥር ካርዷን አውጥቼ ሰጠሁት።

«እዚህ ተጽፏል» አለ፤ በጣቱ እያሳየ። «ፔ፣ ኒ፣ ሺ፣ ሪ፣ ን። ከዚያ፣ ክልክል።»

አምስት ቀላል ፊደላት፣ ሁለት ጥቅጥቅ ያሉ። እነዚያን አምስቱን ለመማር አንድ ሳምንት ይበቃል። እኔ ስምንት ወር አብሬው ዞሬያለሁ። ካርዷም ከሁለት ቀን በፊት በእጄ ላይ ነበረች።

አቶ ተክሌ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። «እነዚያ ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች፣ መርፌ ስይዝ አንድ ነገር ይሉኛል። ምን እንደሚሉ አላውቅም። ፈርተው ይመስለኝ ነበር። ያዟት እላለሁ፣ እወጋለሁ።» ከዚያ «አንዲት ሴት ነበረች፣ ከወጋኋት በኋላ…» ብለው ጀመሩ። ተዉት።

ያን የፈረምኩባትን ወረቀት ቀድደው የሚጥሏት መስሎኝ ነበር። አልቀደዷትም። «ትቀመጥ» አሉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ከሥራዬ አስነስተው አጠገባቸው ወንበር ሰጡኝ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ስልጥኛ ብቻ የምትናገር እናት ነበረች። ብዙ አወራች። እኔ እንደ ልማዴ «ሆዷን ነው የሚያማት» ብዬ ቋጨሁት። አቶ ተክሌ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«ይህን ሁሉ ተናግራ ሆዷን ብቻ? አታሳጥርብኝ። ያለችውን ሁሉ ንገረኝ።»

ያን ቀን ወረፋው ሳያልቅ መሸ። ሰዉ ተቆጣ፤ እኛም ደከመን። ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው የሚሠራው እንደዚያ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይተው ዝውውራቸው እስኪመጣላቸው ድረስ አቶ ተክሌ በጎደለ ስልጥኛ ሰላምታ መስጠትና «የት ያምሻል» ማለት ችለው ነበር።

ኬንጂ ሳንባው እስኪጠነክር አንድ ወር አረፈ። በዚያ ወር ነው ፊደል ሊያስቆጥረኝ የጀመረው። ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ መዝገበ ቃላትና የልጆች ማንበቢያ ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ አብዮት መጣ፤ ደብዳቤም ተቋረጠ። እኔ ወደ ወልቂጤ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ በጤና ሥራ ኖርኩ። ጃፓንኛ የማናግረው አንድም ሰው አልነበረኝም። ያቺን ማንበቢያ ገጾቿ እስኪላቀቁ ሳነብ ባለቤቴ «ለማን ነው?» ትለኛለች። ቀጣዩን ገጽ እገልጣለሁ። አነባበቤን የሚያርመኝ ሰው ባለመኖሩ ብዙ ቃላት ለሠላሳ ዓመት ያህል በጉራጌ ዘዬ ስጠራቸው ኖሬያለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ጃፓንኛ ማስተማር ሲጀምር አንዲት ጃፓናዊት መምህርት ወሬዬን ሰምታ ፈልጋ አገኘችኝ። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች በሚከመሩበት መጋዘን ውስጥ ጀመርን። ሰባት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ክፍል ተሳስተው የገቡ ናቸው። እሷ ሰዋስዉን ታስተምራለች፣ እኔ አማርኛና ጉራጊኛ እየቀላቀልኩ አስረዳለሁ። ከዚያ የካርቱን ፊልም የወደዱ ልጆች መጡ፤ ከዚያ ሥራ የሚሹ፤ ከዚያ ብሩሽ ይዘው ፊደል መሣል ያማራቸው። መጋዘኑ ጠበበ። መማሪያ ክፍል ተሰጠን፤ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት፤ በዓመት አንድ ቀን የጃፓን ባህል የሚታይበት ዝግጅትም ልማድ ሆነ። ዘንድሮ ዲግሪ ያላቸው ወጣት መምህራን ስለተቀጠሩ እኔን ማቆየት አላስፈለገም። ደብዳቤው በትሕትና ነው የተጻፈው። አልከፋኝም። ደረጃውን ስወጣ ሦስት ቦታ ላይ ቆሜ ነው የምተነፍሰው።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች «ቋንቋ በማወቅህ ሰው አዳንክ» እያሉ ያመሰግኑኛል። እንዲህ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። አላወቅኩም ነበር። ግማሹን ሰምቼ፣ ግማሹን ፈርቼ፣ በአንዲት ቃል ላይ የሰው ሕይወት ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትሰሙት ሌላ ታሪክ ነበር፤ ምናልባትም የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ፣ ያ መጋዘንና ያ ሁሉ ተማሪ፣ እንደዚያ ባለ ጭንቀት ውስጥ ሁለተኛ ላለመቀመጥ ስል ያደረግኩት ነው።

ኬንጂ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ። የጻፈችልኝ ልጁ ናት፤ አድራሻዬን በጃፓናዊቷ መምህርት በኩል አግኝታ ነው። በጃፓንኛ የተጻፈውን ደብዳቤዋን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት።